አይጥ የሚያህለው ከረጢታም እንስሳ አይጥ አይደለም፦ ስለ አንቴኪነስና ዘመዶቹ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜልበርን ነው፤ ከዳንደኖንግ ተራሮች ሥር። የጓሯችን አጥር ካለቀ በኋላ ያለው ጫካ ነው። የዚህ አገር ክረምት ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ጣሪያው ውስጥ ኮሽታ እንሰማ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ አይጥ መሳይ ነገር የኩሽናውን ግድግዳ ሽቅብ ሲሮጥ አየን። ባለቤቴ የአይጥ መርዝ ገዝቶ መጣ። ጎረቤታችን ግን ‹ኧረ ተዉ፣ ይሄ አይጥ አይደለም፤ የካንጋሮ ዘመድ ነው› አለችን። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ አንዱ ከረጢታም አይጥ ይለዋል። ሌላው ነፍሳት በል ከሚባሉት ይመድበዋል። ሦስተኛው የታዝማኒያ ሰይጣን ዘመድ ነው ይላል። ያነሳሁትን ፎቶ ባጎላው ባጎላው ከረጢት የሚባል ነገር የለበትም። ማነው ልክ? መርዙንስ እናስቀምጥ ወይስ እንተወው? ልጆቼ ደግሞ በካርቶን አድርገን እናሳድገው እያሉ ነው።»

መርዙን አታስቀምጡ። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ፤ ጽሑፉን እስከ መጨረሻ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ይህችን ይያዙ።

በእናንተ ሰፈር፣ በዚህ ወቅት፣ በቀን ብርሃን ግድግዳ የሚወጣ አይጥ የሚያህል እንስሳ አንቴኪነስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዝርያው አጃይል አንቴኪነስ ይባላል። አይጥ አይደለም። ጎረቤትዎ ያሉት እውነት ነው፤ የካንጋሮ ዘመድ ነው፤ ግን የሩቅ ዘመድ ነው። ለእውነቱ ይበልጥ የቀረበው ሦስተኛው ድረ ገጽ ነው። የታዝማኒያ ሰይጣን የሚባለው ሥጋ በል ከረጢታምና ይህ መዳፍ የማይሞላ እንስሳ በሳይንስ ምደባ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑና በምግቡ ስለሚመድበው ነው። አይጥ ያክላል፣ ስለዚህ አይጥ ነው። ነፍሳት ይበላል፣ ስለዚህ የነፍሳት በሎች ወገን ነው። እንስሳትን በዚህ መንገድ መመደብ ድሮ የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከማን ጋር ነው የጋራ አያት ያለው?

ከአይጥ እንጀምር። አይጥ፣ ሰው፣ ላም፣ አንበሳና ዝሆን በአንድ ትልቅ የአጥቢዎች ጎራ ውስጥ ናቸው። ጽንሳቸው በማህፀን ውስጥ፣ በእንግዴ ልጅ አማካይነት እየተመገበ ረጅም ጊዜ ያድጋል። ማርሱፒያል የሚባሉት ከረጢታሞች ሌላው ጎራ ናቸው። ልጃቸውን ገና ሳይጠነክር ወልደው ቀሪውን እድገት በጡት ያስጨርሱታል። ሁለቱ ጎራዎች የተለያዩት በዳይኖሶሮች ዘመን ነው። ግምቱ ቢለያይም ከ120 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ማለት ኩሽናዎ ውስጥ እውነተኛ አይጥ ቢገባ፣ በዘር ሐረግ ያ አይጥ ከአንቴኪነስ ይልቅ ለእርስዎ ይቀርባል። አንቴኪነሱ ደግሞ ከአይጥ ይልቅ ለካንጋሮ ይቀርባል። አንባቢዎች ይህን ስነግራቸው ማመን ይቸግራቸዋል፤ ነገር ግን በአጥንትም በዘረ መልም ደጋግሞ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ይመሳሰላሉ? ኑሯቸው ስለሚመሳሰል ነው። በደረቅ ቅጠልና በወደቀ ግንድ መካከል እየተሹለከለከ ጥንዚዛና ሸረሪት የሚያድን እንስሳ ትንሽ ሰውነት፣ ሹል አፍንጫና ሹል ጥርስ ይጠቅመዋል። የተለያየ ዘር ያላቸው እንስሳት በተለያየ አህጉር እዚያው ቅርጽ ላይ ደርሰዋል። አገር ቤት በባሌ ሐረና ጫካ ወለል ላይ የሚሮጡ ሹል አፍንጫ ያላቸው ደቃቃ እንስሳት አሉ፤ ሳይንቲስቶች ክሮሲዱራ ይሏቸዋል። አንዱን ከአንቴኪነስ ጎን ቢያስቀምጡት ብዙ ሰው አይለየውም። እነሱ ግን የእኛ ጎራ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥም ሆነ በመላው አፍሪካ ዛሬ አንድም በዱር የሚኖር ከረጢታም እንስሳ የለም። ታንዛኒያ ውስጥ ፈንጂ በማሽተት የሚሠለጥኑትን ግዙፍ ‹ከረጢታም› አይጦች የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሊጠራጠር ይችላል። የእነሱ ከረጢት ጉንጫቸው ውስጥ ነው። ምግብ ይይዙበታል እንጂ ልጅ አያሳድጉበትም። እነሱ እውነተኛ የአይጥ ወገን ናቸው።

‹ነፍሳት በል› የሚለው ምደባም አያስኬድም። በእርግጥ ኢንሴክቲቮራ የሚባል ክፍለ መደብ ለረጅም ጊዜ በመጻሕፍት ውስጥ ነበር። ነፍሳት እየበሉ የሚኖሩ ብዙ ትናንሽ እንስሳት እዚያ ተሰብስበው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የዘረ መል ጥናት ሲመጣ ስብስቡ ፈረሰ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ከመካከላቸው የማዳጋስካሮቹ ቴንሬኮችና የአፍሪካ ወርቃማ ፍልፈሎች የሚዛመዱት ከዝሆን ጋር ሆኖ ተገኘ። ምግብ ዘመድን አይናገርም። አንቴኪነስ ደግሞ ከረጢታም በመሆኑ መጀመሪያውኑ የዚህ ስብስብ አባል አልነበረም። ነፍሳት መብላቱ ስለ እራቱ ይነግረናል፤ ስለ ዘሩ ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ትክክለኛው ቦታው እንሂድ። በሕይወት ያሉ ከረጢታሞች በሰባት ክፍለ መደብ ተከፍለዋል። ካንጋሮ፣ ኮዋላ፣ ዎምባትና ፖሰም በአንዱ ናቸው። አንቴኪነስ ያለበት ሌላው ነው፤ ዳሲዩሮሞርፊያ ይባላል። ሥጋና ነፍሳት የሚበሉት የአውስትራሊያና የኒው ጊኒ ከረጢታሞች አብዛኞቹ እዚህ ናቸው። ሦስት ቤተሰቦች አሉት። በአንደኛው ምስጥ የሚበላው ነምባት ብቻውን ነው። ሁለተኛው የታይላሲን ወይም የታዝማኒያ ነብር ቤተሰብ ነው። የመጨረሻው የታወቀ ታይላሲን በ1936 በሆባርት መካነ እንስሳት ሞቷል። ሦስተኛው ዳሲዩሪዴ ነው። ዛሬ ሰባ ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ አይጥ የሚያህሉ ናቸው።

ይህ ቤተሰብ በውስጡ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች አሉት። በአንደኛው የታዝማኒያ ሰይጣን፣ ኳል የሚባሉት ነጠብጣባም አዳኞች፣ ፋስኮጌልና አንቴኪነስ አሉ። በሌላው ዳናርት፣ ኒንጋዊ፣ ፕላኒጌልና ከልታር። ይህን አከፋፈል ልብ ይበሉ። ሰላሳ ግራም የሚመዝነው የኩሽናዎ እንግዳ በዘር የሚቀርበው እስከ 12 ኪሎ ግራም ለሚደርሰው የታዝማኒያ ሰይጣን ነው። እሱን የሚያህለውና እንደሱ ነፍሳት የሚበላው ዳናርት ራቅ ያለ ዘመዱ ነው። ‹አይጥ የሚያክሉ ነፍሳት በል ከረጢታሞች› ስንል ስለ መጠንና ስለ ኑሮ እያወራን ነው። በምደባ መዝገብ ላይ እንዲህ የሚባል አንድ ክፍል የለም።

ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ጥቂቶቹን ላስተዋውቅዎ፤ ድረ ገጾቹ ሁሉን በአንድ ስም ስለሚጠሯቸው። ዳናርቶች ወደ ሃያ የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው። ትልቅ ዓይንና ትልቅ ጆሮ አላቸው፤ እግራቸው ቀጭን ነው፤ ብዙዎቹ ደረቅና ገላጣ ቦታ ይወዳሉ። ከመካከላቸው ወፍራም ጭራ ያለው ዳናርት ለክፉ ቀን ስቡን ጭራው ላይ ያጠራቅማል። ብርድና ረሃብ ሲበረታም የሰውነቱን ሙቀት ዝቅ አድርጎ ለሰዓታት ይደነዝዛል። ዛሬ ታይላሲንን ለመመለስ የሚሞክሩት ተመራማሪዎች የሚነሱት ከዚህ ዝርያ ሴል ነው። ምርጫው ከዘመድነቱ የመጣ ነው። ታይላሲንና የዳናርት አያቶች የተለያዩት ከ35 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ይገመታል፤ በሕይወት ካሉት መካከል ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማርባት የሚመች እሱ ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ዘላቂ ጥቅም የሚኖረው ስለ ዳናርት ራሱ የተገኘው እውቀት ነው።

ፕላኒጌሎች ደግሞ ከሁሉም ያንሳሉ። ረጅም ጭራ ያለው ፕላኒጌል አራት ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከከረጢታሞች ሁሉ ትንሹ ነው። የራስ ቅሉ ከላይ እስከ ታች ጠፍጣፋ ነው። መሬት በደረቀ ጊዜ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ያድናል፣ እዚያ ይተኛል። በ2023 በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ አካባቢ ሁለት አዳዲስ የፕላኒጌል ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እንስሳቱ ከዚያ በፊትም ይታወቁ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ግን የሌሎች ዝርያዎች አካል ተደርገው ይቆጠሩ ነበር።

ይህ ወደ ምደባው ወሰን ያመጣናል። አንቴኪነስ የሚለው የወገን ስም የተሰጠው በ1841 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አይጥ የሚያህል ሹል አፍንጫ ከረጢታም በተገኘ ቁጥር እዚያው ይጨመር ነበር። የኒው ጊኒዎቹ፣ የበረሃዎቹ፣ በድንጋይ መካከል የሚኖሩት ሁሉ። በኋላ ጥርሳቸውና ዘረ መላቸው ሲመረመር ብዙዎቹ ወጥተው ሌላ ወገን ተሰጣቸው። በሌላ በኩል አንቴኪነስ ሆነው የቀሩት ራሳቸው እየተከፋፈሉ ሄዱ። የእርስዎ ሰፈር ዝርያ ጥሩ ምሳሌ ነው። እስከ 1998 ድረስ አጃይል አንቴኪነስ የሚባል ዝርያ በመጻሕፍት አልነበረም። ቡናማ አንቴኪነስ ከሚባለው ጋር እንደ አንድ ይታይ ነበር። ሁለቱ በዓይን በጣም ይመሳሰላሉ፤ በዘረ መል ግን የተለያዩ ናቸው። ከ2012 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ብቻ በአንድሪው ቤከር የሚመራው የኩዊንስላንድ ቡድን አራት ተጨማሪ ዝርያዎችን መዝግቧል። አሁን ቁጥሩ 15 ደርሷል።

ስለዚህ በስልክ ካነሱት ፎቶ አንቴኪነስ መሆኑን መናገር ይቻላል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ በሙሉ ልብ መናገር ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም። አጃይል አንቴኪነስ ነው ያልኩት በዋናነት ከቦታው ተነስቼ ነው። በተራሮቹ ላይ ጠቆር ያለ፣ ገዘፍ ያለ፣ ረጅም ጥፍር ያለው ሌላ አንቴኪነስም አለ። እሱ ግን በአብዛኛው መሬት እየቆፈረ ነው የሚያድነው፤ ግድግዳ የመውጣት ዝንባሌው አነስተኛ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ደብዛዛ ፎቶ ተነስቶ የዝርያ ስም በእርግጠኝነት ቢነግርዎ አይቀበሉት።

በደቡብ አሜሪካም አይጥ የሚያህሉ ከረጢታሞች አሉ። አብዛኞቹ የኦፖሰም ወገን ናቸው፤ የራሳቸው ክፍለ መደብ አላቸው፤ ከአንቴኪነስ ጋር በቀጥታ አይገናኙም። አንድ የሚገርም እንስሳ ግን አለ። በቺሊና በአጎራባቹ የአርጀንቲና ጫካ የሚኖረው ሞኒቶ ዴል ሞንቴ በዘር ሐረግ ከአሜሪካ ጎረቤቶቹ ይልቅ ለአውስትራሊያዎቹ ይቀርባል። ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ በየብስ ተያይዘው በነበሩበት ዘመን የተዘረጋ ዝምድና ነው።

ከረጢቱን በተመለከተ። ያዩት ወንድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ከረጢት የለውም። ሴት ብትሆንም እንደ ካንጋሮ የሚከፈት ኪስ አይጠብቁ። የአንቴኪነስ ሴት ሆዷ ላይ ያለው በመራቢያ ወቅት ጎላ የሚል የቆዳ እጥፋት ነው። ልጆቹ ከጡቶቿ ተጣብቀው፣ ሆዷ ላይ በግላጭ ተንጠልጥለው ያድጋሉ። የጡቶቹ ቁጥር ከስድስት እስከ አሥር ነው፤ እንደየአካባቢው ይለያያል። ሲወለዱ እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ። ጡት ያላገኘ ልጅ አይተርፍም። ለአምስት ሳምንት ያህል ከተንጠለጠሉ በኋላ እናታቸው ጎጆ ውስጥ ትታቸው ወደ አደን ትወጣለች። ነምባት እስከ ጭራሹ እውነተኛ ከረጢት የላትም፤ ከረጢታም መባሏ ግን አልቀረም። ስሙን የሰጠው ከረጢቱ ነው። ምደባው የቆመው ግን በመራቢያ አካላት፣ በአጥንት፣ በጥርስና በዘረ መል ላይ ነው።

በጠራራ ፀሐይ መታየቱ ደግሞ ምክንያት አለው፤ እኔ በግሌ በተፈጥሮ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ከሚያስደንቁኝ አንዱ ነው። አንቴኪነስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምት፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ብቻ ይራባል። በቪክቶሪያ ወቅቱ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል። ወንዶቹ ያኔ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ወቅቱ ከመድረሱ በፊት የዘር ፍሬያቸው አዲስ የወንድ ዘር ማምረት ያቆማል፤ ያጠራቀሙትን ይዘው ይነሳሉ። አንዱ ግንኙነት ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ቀን ከሌሊት ሴት ፍለጋ ይሮጣሉ። እንቅልፋቸውን ይቀንሳሉ፤ በ2024 የወጣ ጥናት በአንድ ዝርያ ወንዶች ላይ በቀን በአማካይ ሦስት ሰዓት ያህል መቀነሱን አሳይቷል። የጭንቀት ሆርሞን ደማቸውን ይሞላዋል፤ በሌላ ጊዜ ይህን ሆርሞን የሚገታው ሥርዓት ሥራውን ያቆማል። የበሽታ መከላከያቸው ይወድቃል፤ ጨጓራቸው ይቆስላል፤ ፀጉራቸው ይረግፋል። ከዚያ ሁሉም ወንዶች በጥቂት ሳምንት ልዩነት ይሞታሉ። አንድም አይቀርም። ሴቶቹ አርግዘው ይቀራሉ፤ ጥቂቶቹም ለሁለተኛ ዓመት ይደርሳሉ። ልጆቹ የሚያድጉት በጸደይና በበጋ፣ ነፍሳት በሚበዛበት ጊዜ ነው። ተመራማሪዎች የወቅቱን ማጠር ከዚህ ጋር ያያይዙታል፦ ጊዜው ሲያጥር በወንዶቹ መካከል ያለው ውድድር ይከርራል፤ ሁሉን በአንዴ ያፈሰሰ ወንድ ብዙ ልጅ ይተካል።

ስለዚህ ያ ግድግዳ የሚወጣው ፍጥረት ሰው የማይፈራው ስለታመመ ወይም ስለተላመደ ላይሆን ይችላል። በሕይወቱ የመጨረሻ ሳምንታት ላይ ያለ ወንድ ሳይሆን አይቀርም። በቅርቡ ጣሪያ ውስጥ ወይም ግድግዳ ውስጥ መጥፎ ሽታ ቢመጣ ማንም መርዝ አላደረገበትም ማለት ነው፤ ወቅቱ ነው።

ወደ ቤትዎ ጉዳይ እንግባ። መጀመሪያ ማረጋገጥ። የአንቴኪነስ አፍንጫ ሾጣጣና ረጅም ነው፤ የቤት አይጥ ፊት አጠር ይላል። ጆሮው ሰፊ፣ ስስና የተጨማደደ ሲሆን ጠርዙ ላይ ቁርጥ ያለ ቦታ አለው። አፉ ሲከፈት በፎቶ ከያዙት ጥርሱ ነገሩን ይጨርሰዋል። አይጥ ከፊት ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ትልልቅ መቆርጠሚያ ጥርሶች አሉት፤ ከኋላቸው ባዶ ቦታ ይታያል። አንቴኪነስ ብዙ ደቃቅ ሹል ጥርሶች ተደርድረውለታል። የኋላ እግሩንም ይዩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ተጣብቀው እንደ አንድ ከታዩ ያዩት ትንሹ ፒግሚ ፖሰም ነው፤ እሱ በካንጋሮ በኩል ነው የሚመደበው። ጣቶቹ ሁሉ ከተለያዩና አፍንጫው ከሾጠጠ አንቴኪነስ ነው። ኩሱም ይለያል። የአይጥ ኩስ እንደ ሩዝ ፍሬ ተበትኖ ይገኛል። የአንቴኪነስ አንድ ቦታ የመከማቸት ባሕርይ አለው፤ ይሸታል፤ የጥንዚዛ ቅርፊት ስብርባሪም ይታይበታል። ሲያጸዱ ጓንት ያድርጉ፤ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ ደረቁን አይጥረጉት።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። አውስትራሊያ የራሷ እውነተኛ አይጦችም አሏት። አያቶቻቸው ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከእስያ የመጡ ናቸው። በዳንደኖንግ ጫካ የሚኖረው የዱር አይጥ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ አውሮፓውያን በመርከብ ካመጡት ጥቁር አይጥ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የጥቁሩ አይጥ ጭራ ከሰውነቱ ይረዝማል። የዱሩ አይጥ ጭራ ከሰውነቱ አይበልጥም። ስለዚህ ‹ጥርሱ የአይጥ ነው፣ እንግዲያው ልግደለው› የሚለውም አያዋጣም።

አማራጮችዎን ላስቀምጥ። መርዝ ከሁሉ የከፋው ነው። ሱቅ የሚሸጡት የአይጥ መርዞች አብዛኞቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። እንስሳው ወዲያው አይሞትም፤ ለቀናት እየደማ ይንገላታል። በእነዚያ ቀናት ጉጉት ከበላው መርዙ ወደ ጉጉቱ ይሻገራል። ድመትና ውሻም እንደዚያው። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም። በቪክቶሪያ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት አገር በቀል እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል ወንጀል ነው። ሕጉ ከ1975 ጀምሮ የቆየ ነው። ‹አይጥ መስሎኝ› የሚለውን መከራከሪያ ይዘው ከባለሥልጣን ፊት ከመቆም መርዙን ወደ ሱቁ መመለስ ይቀላል።

የሚሰብር ወጥመድና የሚያጣብቅ ወረቀትም ይቅሩ፤ የገባውን መርጠው አይገድሉም። ቤቱ ውስጥ እውነተኛ አይጥም አለ ብለው ከጠረጠሩ በሕይወት የሚይዝ የሳጥን ወጥመድ ይጠቀሙ። ውስጡ ጥጥ ወይም ደረቅ ሣር ያድርጉ። ማታ ካስቀመጡት ሌሊት አንዴ፣ ጠዋት በማለዳ አንዴ ይዩት። ይህን ያህል ትንሽ እንስሳ በብርድ ሳይበላ ካደረ ይሞታል። አንቴኪነስ ከያዘ እዚያው ጓሮ፣ ምሽት ላይ፣ ግንድ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይልቀቁት። ‹እንዳይመለስ› ብለው በመኪና ሩቅ ወስደው አይጣሉት፤ የማያውቀው ቦታ መጠለያም አያገኝም። በእጅዎ አይያዙት፤ ጥርሱ ስለታም ነው፣ ይነክሳል።

ቀዳዳ መድፈን ዘላቂው መፍትሔ ነው፤ ግን ጊዜ አለው። አሁን ከደፈኑ ሴቶችን ውስጥ ሊዘጉባቸው ይችላሉ። መስከረም አካባቢ ይወልዳሉ፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥና ጥር ድረስ ጎጆው ውስጥ ልጆች ይኖራሉ። እናትየው ውጭ እያለች ቀዳዳውን ቢደፍኑት ልጆቹ በረሃብ ያልቃሉ። ትክክለኛው ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ልጆቹ ወጥተው ተበትነዋል፤ የክረምቱ ጎጆ ገና አልተጀመረም። ያኔ በጣሪያ ጠርዝ፣ በቧንቧ መግቢያና በግድግዳ ስንጥቅ ያለውን ሁሉ በብረት ወንፊት ወይም በሲሚንቶ ይዝጉት። ስፖንጅና ፕላስቲክ አይበቃም። ከዚያ በፊት ግን አጥር አካባቢ ዛፍ ላይ ከአውራ ጣት ትንሽ ሰፋ ያለ መግቢያ ያለው የእንጨት ሳጥን ይስቀሉ። የወደቀ ግንድና ቅጠልም ከጓሮ ጠርገው አይጨርሱት። ውጭ ቦታ ያለው አንቴኪነስ ጣሪያ ለመግባት ብዙም አይገፋፋም።

እስከዚያው ከእሱ ጋር መኖር ይቻላል፤ የምመክርዎም ይህንን ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የመቆርጠም ነገር የአይጥ ጠባይ ነው፤ የአንቴኪነስ ጥርስ ለዚያ አልተሠራም። በረሮና ሸረሪት ይበላልዎታል። የሚያስቸግረው ኩሱና ለጎጆው የሚጎትተው ጨርቅና ወረቀት ነው። ዳቦውን፣ ሥጋውንና የድመት ምግቡን ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ። ድመት ካለችዎ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀንም ቤት ትዋል፤ በዚህ ወቅት ወንዶቹ ቀን ይወጣሉ፣ ድመት ደግሞ የገደለቻቸውን ብዙ ጊዜ አትበላቸውም እንኳ።

ልጆቹ እናሳድገው ያሉት አይሆንም። ከዱር ይዞ ማቆየት በሕግ አይፈቀድም። ወንድ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ እንደሚሞትም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የእነሱ ጥፋት መስሎ እንዳይሰማቸው። ማየት ከፈለጉ ሳጥኑን ዛፉ ላይ ሲሰቅሉ ያግዙ፤ ያነሱትን ፎቶ አይናቹራሊስት በተባለው መተግበሪያ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይጫኑት። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ምደባውን ያርማሉ፤ መረጃውም ለሳይንቲስቶች ይደርሳል። በአንድ ሰፈር አንቴኪነስ በየዓመቱ በየትኛው ሳምንት እንደሚታይ የተመዘገበ ነገር ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

ቆስሎ ወይም ድመት ነክሳው ካገኙት ጊዜ አይስጡት። የድመት ንክሻ ትንሽ ቢመስልም በፍጥነት ይመረዛል። በፎጣ ሸፍነው፣ አየር በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ጨለማና ሙቀት ያለው ቦታ ያኑሩት። ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አይጨምሩበት። ወዲያው የተጎዱ የዱር እንስሳትን ለሚረዳው ዋይልድላይፍ ቪክቶሪያ ይደውሉ ወይም በአቅራቢያ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ሴት ከሆነች ሆዷን ይዩ፤ የተንጠለጠሉ ልጆች ካሉ ለመንቀል አይሞክሩ፤ እናትየው ብትሞት እንኳ እንዳሉ አብረው ያድርሷቸው።